ሠራተኛው ለምን ጥሎ ይሄዳል? ደመወዝ፣ የሠራተኛ ማኅበርና የማያቆመው የፋብሪካ ፍልሰት

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በአንድ በኩል ወጣቱ "ሥራ የለም" ይላል። በሌላ በኩል ፋብሪካዎች "ሠራተኛ አልበረክትልን አለ" ይላሉ። ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፣ ይቀጥራሉ፣ ያሠለጥናሉ። የተቀጠረው ግን ብዙ ሳይቆይ ይወጣል። ሌላ ይቀጠራል፣ እሱም ይወጣል።

ሁለቱ ነገር እንዴት አብሮ ይሄዳል?

ቶሎ የሚሰነዘረው መልስ "የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም" የሚል ነው። ነገሩን በቁጥር ስናየው ግን መልሱ ሌላ ነው። ጉዳዩ ከደመወዝ፣ ከቤት ኪራይ፣ ከሕግና ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የተያያዘ ነው። ፋብሪካ ለመግባት እያሰባችሁ ከሆነ፣ አሁን እዚያ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም እህታችሁ እዚያ የምትሠራ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጨረሻ ላይ መብትን የተመለከቱ ነጥቦች አሉ።

"መቶ በመቶ" ሲባል ምን ማለት ነው?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። 52 ሼዶች አሉት። የገነባው የቻይናው ሲሲኢሲሲ ሲሆን፣ ሥራው የወሰደው ጊዜ ከአንድ ዓመት በታች ነበር። ዕቅዱ 60 ሺህ ሰው መቅጠር ነበር። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ ተሰፍቶ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ይላካል ተባለ።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና የሰብአዊ መብት ማዕከል ስለዚህ ፓርክ አንድ ሪፖርት አወጣ። ያኔ ፓርኩ ውስጥ ወደ 25 ሺህ ሠራተኛ ነበር። ሪፖርቱ ውስጥ ብዙ ሰው ያስደነገጠ ነገር ነበር። ፋብሪካዎቹ ሥራ በጀመሩበት የመጀመሪያ ዓመት የሠራተኛው ፍልሰት በአማካይ መቶ በመቶ ደርሷል።

መቶ በመቶ ማለት ሁሉም ወጣ ማለት አይደለም። አንድ ፋብሪካ 1,000 ሠራተኛ አለው እንበል። በ12 ወር ውስጥ 1,000 ሰው ለቆ በምትኩ ሌላ 1,000 ከተቀጠረ ፍልሰቱ መቶ በመቶ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ የቆየች ልጅ አለች። አንዷ የስፌት ማሽን ላይ ደግሞ በዓመት ውስጥ ሦስት አራት ሰው ተፈራርቆ ሊሆን ይችላል።

ለፋብሪካው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዲት ጀማሪ ማሽን ይዛ ክር እስክታስተካክል፣ ኮሌታ ሳይጣመም መስፋት እስክትችል፣ የላይኑን ፍጥነት እስክትለምድ ወራት ይፈጃል። ልክ እጇ ሲፈታ ትወጣለች። ፋብሪካው ከዜሮ ይጀምራል።

ደመወዙን እስቲ እናስላው

በዚያው ሪፖርት መሠረት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በወቅቱ ምንዛሬ ወደ 750 ብር ነው። ሪፖርቱ ይህን ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ብሎታል። ለማነጻጸር ያስቀመጣቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

• ባንግላዴሽ 95 ዶላር
• ኬንያ 207 ዶላር
• ቻይና 326 ዶላር

በሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው። በወር ሲታሰብ 208 ሰዓት ገደማ ይሆናል። 750 ብርን ለ208 ስናካፍል ለአንድ ሰዓት 3 ብር ከ60 ሳንቲም ነው።

እርግጥ ከመነሻው ደመወዝ ውጪ የምሳ፣ የሰርቪስና "አልቀረሽም" ተብሎ የሚሰጥ የአቴንዳንስ ጉርሻ የሚጨምሩ ፋብሪካዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ቀመሩ አይለወጥም። አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሐዋሳ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠብቃቸው የቤት ኪራይ ነው። ፓርኩ በወራት ሲያልቅ ለሠራተኛው የሚሆን መኖሪያ በዚያ ፍጥነት አልተሠራም። ስለዚህ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት መከራየት የግድ ሆነ። ከኪራይና ከምግብ በኋላ ለቤተሰብ የሚላክ ቀርቶ ለሳሙና የሚሆን የሚተርፋት ጥቂቷ ናት።

እዚህ ላይ "ባትሠራስ ምን ታገኝ ነበር? ከዜሮ አይሻልም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንደ እድል ሆኖ ይህን በትክክል የፈተሸ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቷል።

በዕጣ የተሠራው ጥናት

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማሙ። ድርጅቶቹ የመጠጥ፣ የአትክልት፣ የአበባ፣ የጫማና የልብስ ነበሩ። ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን የፋብሪካ ሥራ አገኘ። ሁለተኛው ቡድን የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር አካባቢ ገንዘብ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም።

አጥኚዎቹ መጀመሪያ የጠበቁት ፋብሪካ የገባው ሰው ኑሮው ይሻሻላል ብለው ነበር። የተገኘው ግን እንዲህ ነው፦

• ፋብሪካ ከገቡት ውስጥ 77 በመቶው ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ።
• የፋብሪካው ገቢ እነዚያው ሰዎች ውጪ በጉልት፣ በቀን ሥራና በጥቃቅን ንግድ ከሚያገኙት ያን ያህል የሚበልጥ አልሆነም።
• ፋብሪካ የገቡት ላይ የጤና ችግር ጨመረ።
• ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በመጀመሪያው ዓመት በ33 በመቶ አደገ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩዋቸው ደግሞ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ "300 ዶላር ሁሉን ይፈታል" ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ወጣቶቹ የሚለቁት ሰንፈው አይደለም። አስልተው ነው። ፋብሪካው የሚከፍለው ውጪ ከሚገኘው የማይበልጥ ከሆነና ሥራው ደግሞ የሚያደክም ከሆነ፣ ሰው ፋብሪካውን የሚጠቀምበት ሌላ እስኪያገኝ እንደ መጠለያ አድርጎ ነው።

ርካሽ ጉልበት ርካሽ ነው?

እዚህ ጋር ወደ አሠሪው ጎን እንሂድ። ምክንያቱም አሠሪውም የራሱ ስሌት አለው። ዋጋውን የሚወስነው ውጪ ያለው ገዢ ብራንድ ነው። ጨርቁ ከውጪ ይገባል፣ የተሰፋው ልብስ በጅቡቲ በኩል ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይዘገያል። "ደመወዝ ከጨመርኩ ትዕዛዙ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል" ይላል።

ግን ስሌቱ ውስጥ የሚረሳ ወጪ አለ፤ እሱም የፍልሰት ወጪ ነው። ለምልመላ፣ ለሥልጠና፣ በጀማሪ እጅ ለሚበላሽ ጨርቅ፣ በሰው እጥረት ለሚቆም ላይን፣ በጊዜ ላልደረሰ ትዕዛዝ የሚወጣው ሁሉ ከኪስ የሚወጣ ነው። የኒውዮርኩ ሪፖርትም የደረሰበት ይህንኑ ነው። ደመወዙ ዝቅ ማለቱ የሰጠውን ጥቅም ፍልሰቱና ዝቅተኛው ምርታማነት መልሰው በልተውታል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 የፋብሪካው ፍልሰት 370 በመቶ ነበር። በድርጅቱ ስሌት 100 ሠራተኛ ለመጨመር 963 ሰው መቅጠር ያስፈልግ ነበር። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ላይኑ አይቆምም፣ ሰው ይሸሻል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1914 ፎርድ ለብቁ ሠራተኞች የቀን ክፍያውን በእጥፍ ገደማ አሳድጎ 5 ዶላር አደረሰ፤ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 ቀነሰ። ፍልሰቱ በዚያው ዓመት ወደ 54 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ 16 በመቶ ወረደ። ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኛ ፍቅር ኖሮት አይደለም። ማኅበር የሚባል ነገር እስከ 1941 ድረስ አላስገባም። ደመወዙን የጨመረው ሰው መቀያየሩ ስለከሰረው ነው።

ልብ በሉ፣ ፎርድ ጋ ወረፋው ረጅም ነበር፣ የሚሸጠውም የራሱን መኪና በራሱ ዋጋ ነው። የእኛ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ዋጋውን ራሱ አይወስንም። ስለዚህ ልክ እንደ ፎርድ በአንድ ቀን እጥፍ ይክፈል ማለት አይደለም። ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ሰው ሲበረክት ፋብሪካው ያተርፋል።

መውጣት ወይስ መናገር?

አልበርት ሂርሽማን የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው ቀላል ሐሳብ አለ። ሰው ያለበት ቦታ ሲበላሽበት ሁለት መንገድ አለው። ወይ ይወጣል፣ ወይ ይናገራል። መናገር የሚጠቅም ካልመሰለው ይወጣል።

ፋብሪካ ውስጥ ጥሎ መውጣት ማለት የአንድ ሰው አድማ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሰደባት፣ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ደቂቃ ተቆጠረባት፣ ኦቨርታይሟ ተቆረጠ። ማንን ታናግር? ኤች አር ሄዳ ብቻዋን ብትናገር "በሩ ክፍት ነው" ልትባል ትችላለች። ስለዚህ ዝም ብላ አንድ ሰኞ ትቀራለች። ፋብሪካው የሚያውቀው "ቀረች" የሚለውን ብቻ ነው። ለምን እንደቀረች አያውቅም። ስለማያውቅ አያስተካክልም። የምትተካዋም ያው ነገር ይገጥማታል።

የሠራተኛ ማኅበር ዋና ሥራው ይህን መቀየር ነው። መውጣትን በመናገር መተካት። ሪቻርድ ፍሪማንና ጄምስ ሜዶፍ እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ላይ ባወጡት የታወቀ ጥናት ማኅበር ባለበት ድርጅት ሠራተኛ በፈቃዱ የሚለቀው ከሌላው ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ቅሬታ የሚሰማበት መንገድ መኖሩም ጭምር ነው።

ታዲያ ማኅበሩ የት አለ?

ኢትዮጵያ ለሠራተኛ ማኅበር እንግዳ አገር አይደለችም። በማኅበር የመደራጀት ነጻነትንና የጋራ ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች (ቁጥር 87 እና 98) ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በያኔው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አገሪቱን ያናወጠ ነበር። የአብዮቱን ታሪክ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ዛሬ ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሲሆን፣ በሥሩ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የአልባሳት ሠራተኞችን ጨምሮ በየዘርፉ ፌዴሬሽኖች አሉ።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት፣ ከአሠሪ ጋር የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ነገር ግን በኢንዱስትሪ ፓርኮቹ የመጀመሪያ ዓመታት ማኅበር ወደ ግቢው ለመግባት ተቸግሯል። በ2011 ዓ.ም. ሐዋሳ ፓርክ ውስጥ ሠራተኞች በደመወዝና በአያያዝ ጉዳይ ሥራ አቁመው ነበር። ማኅበር ያልጠራው አድማ ነው። ይህ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብበት መንገድ ከሌለ ቅሬታው ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ይፈነዳል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር ደግሞ አለ። ፍልሰቱ ራሱ ማኅበሩን ይገድለዋል። እንዴት?

አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀናት አድርጎታል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለችም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታት ይችላል። ስለዚህ ማንም ጀማሪ "ማኅበር እናቋቁም" ብሎ እጁን አያነሳም። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ብዙዎቹ ወጥተዋል ወይም ሊወጡ እያሰቡ ነው። ነገ የሚሄድ ሰው ለከርሞ ድርድር ወርሃዊ መዋጮ አይከፍልም። የተመረጠችው ሊቀመንበር ራሷ በሦስተኛው ወር ትለቃለች።

እናም አዙሪቱ ይዘጋል። ደመወዝ ዝቅተኛ ስለሆነ ሰው ይወጣል። ሰው ስለሚወጣ ማኅበር አይጸናም። ማኅበር ስለማይጸና ደመወዝ አይነሳም።

ዝቅተኛው ደመወዝ ለምን የለም?

ይህን አዙሪት ከውጪ ሆኖ ሊሰብር የሚችል አንድ ነገር አለ። እሱም የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ነው። ማንም አሠሪ ከዚህ በታች አይከፍልም የሚባል ቁጥር።

አዋጁ በአንቀጽ 55 መንግሥት፣ አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ሌሎች ባለድርሻዎች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ቦርዱ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል። አዋጁ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በዝርዝር የሚወስነው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው ተባለ። ኢሠማኮ በየዓመቱ ሚያዝያ 23፣ በዓለም የሠራተኞች ቀን፣ ይህንኑ ጥያቄ ያነሳል።

በአንጻሩ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ወለል አለው። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር ሆኖ ነበር፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የግል ፋብሪካ ሠራተኛዋ ግን ይህ አይመለከታትም።

ወለል ማስቀመጥ ኢንዱስትሪን ይገድላል? የባንግላዴሽን መንገድ እንይ። እዚያ የደመወዝ ቦርድ አለ። የልብስ ስፌት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 5,300 ታካ፣ በ2018 ወደ 8,000፣ በ2023 ደግሞ ወደ 12,500 ታካ ደረሰ። አገሪቱ አሁንም በልብስ ኤክስፖርት ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ አንዷ ናት። ግን ጭማሪው በነጻ አልመጣም። የ2013ቱ ውሳኔ የመጣው ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የ2023ቱ ደግሞ ሰው ከሞተበት የአደባባይ ተቃውሞ በኋላ ነው። ወለሉን በጊዜ በጠረጴዛ ዙሪያ መወሰን ከዚያ የሚሻል ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?

ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተከስተዋል።

አንደኛው አጎአ ነው። ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል ነበር። በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ አስወጣች። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ከዚያ በፊት፣ በኅዳር 2014፣ ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ፓርኩ ሲጀመር ዋናው እንግዳ እሱ ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው ከፍልሰት ሌላ የመቀነስ ስጋትም ገጠመው። ይህ ለማኅበራትም ፈተና ነው። ፋብሪካው ይዘጋል ወይ እየተባለ በሚፈራበት ጊዜ ጭማሪ መጠየቅ ይከብዳል።

ሁለተኛው የምንዛሬው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ምርቱን በዶላር ለሚሸጥ፣ ደመወዝ በብር ለሚከፍል ፋብሪካ የጉልበት ዋጋ በዶላር ሲታይ በግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ለሠራተኛዋ ግን ዘይቱም፣ ኪራዩም፣ ጤፉም በብር ጨመረ። በቁጥር የደመወዝ ጭማሪ ያገኘ ሰው እንኳ ገበያ ሲወጣ ያነሰው ለዚህ ነው። "ስንት ብር ተጨመረልን?" ብቻ ሳይሆን "በዚህ ብር ምን ይገዛል?" የሚለውን መጠየቅ አለብን።

መብታችሁን እወቁ

አሁን ወደ ተግባሩ። ከጡረታው በስተቀር የሚከተሉት በአዋጅ 1156/2011 ያሉ ናቸው።

• የሥራ ሰዓት፦ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ።
• ኦቨርታይም፦ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።
• የኦቨርታይም ክፍያ፦ ከጠዋት 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት የሰዓት ክፍያችሁ በ1.5 ይባዛል፤ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት በ1.75፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፤ በሕዝብ በዓል በ2.5።

በምሳሌ እንየው። መነሻ ደመወዝሽ 2,080 ብር ነው እንበል። ለ208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓት ክፍያሽ 10 ብር ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ሁለት ሰዓት ትርፍ ከሠራሽ 30 ብር ነው የሚገባሽ። እሁድ የዕረፍት ቀንሽ ከሆነና 8 ሰዓት ከሠራሽ 160 ብር ነው። ይህን በስልክሽ ኖት ላይ በየቀኑ መዝግቢው። በወሩ መጨረሻ ከፔሮሉ ጋር አስተያዪው።

• የዓመት ፈቃድ፦ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል።
• የወሊድ ፈቃድ፦ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር። አባት ደግሞ 3 ቀናት አለው።
• ከደመወዝ ተቆራጭ፦ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ አይችልም።
• ጡረታ፦ ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። የሚቆረጥባችሁ በእርግጥ ገቢ መሆኑን ጠይቁ።
• ወሲባዊ ትንኮሳ በሥራ ቦታ በአዋጁ በግልጽ የተከለከለ ነው።

ማኅበር ማቋቋም ከፈለጋችሁስ?

አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ቢያንስ አሥር ሆናችሁ ተሰብሰቡ፣ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቁ፣ መሪ ምረጡ፣ ከዚያ ለሚመለከተው የሠራተኛና የክህሎት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለምዝገባ አመልክቱ። ከመጀመራችሁ በፊት የዘርፋችሁን ፌዴሬሽን ማነጋገር ይጠቅማል። የደንብ ናሙናና ልምድ ያላቸው እነሱ ናቸው።

የማኅበር አባል መሆን ወይም በሕጋዊ እንቅስቃሴው መሳተፍ ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን አይችልም። አሠሪ ሠራተኛን "ግባ" ወይም "ውጣ" ብሎ ማስገደድም ሕገወጥ ነው።

ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ ዋናው ሥራ ኅብረት ስምምነት ነው። እዚያ ውስጥ ደመወዝ ብቻ አይደለም የሚገባው። የዓመት ጭማሪ፣ የቆይታ ጉርሻ፣ ሰርቪስ፣ የቤት አበል፣ የደረጃ ዕድገት፣ ቅሬታ ማን ጋ በስንት ቀን እንደሚታይ፣ ታርጌት እንዴት እንደሚወሰን ሁሉ ሊካተት ይችላል። ፍልሰትን የሚቀንሱት ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። አንዲት ልጅ "ዓመት ብቆይ ይህን ያህል ይጨመርልኛል፣ ሁለት ዓመት ብቆይ ኦፕሬተር ሁለት እሆናለሁ" የሚል የተጻፈ ነገር ካላት ለመቆየት ምክንያት አላት።

የሥራ ማቆም አድማም መብት ነው፣ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በማስማማት መሞከር አለበት። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት። ምክንያቱ ተገልጾ ለአሠሪውና ለመንግሥት አካል ከ10 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህን ሳታሟሉ በድንገት ማሽን ብታቆሙ ሕጉ ከጎናችሁ አይሆንም።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ

አንዳንዴ መልቀቅ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ግን ዝም ብላችሁ አትቅሩ።

• የሙከራ ጊዜ ከጨረሳችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ኮፒው እጃችሁ ይቅር።
• የቀረ ደመወዝና ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈላችሁ ይገባል።
• የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ። ለሚቀጥለው ፋብሪካ ከጀማሪነት የሚያወጣችሁ እሱ ነው።
• ያልተከፈለ ደመወዝና ኦቨርታይም በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይቀራል። ያላግባብ ተባርሬያለሁ፣ ልመለስ የሚል ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

እንግዲህ ነገሩን ስንጨርስ፦ "ሠራተኛው አይበረክትም" የሚለው ወሬ የችግሩን ጫፍ ነው የሚያሳየው። ሰው የሚበረክትበት ቦታ ደመወዙ ኪራይና ምግብ አሳልፎ ትንሽ የሚያስተርፍበት፣ ሲናገር የሚሰማበት፣ ነገ ከዛሬ የተሻለ ደረጃ የሚጠብቀው ቦታ ነው። ሦስቱም የአሠሪ ቸርነት የሚጠብቁ አይደሉም። አንዱን የደመወዝ ቦርድ፣ ሁለተኛውን ማኅበር፣ ሦስተኛውን ኅብረት ስምምነት ሊያመጣው ይችላል። የሕጉ መሠረት አለ። የጎደለው ሥራ ላይ የሚያውለው ነው።

እናንተ ፋብሪካ ሠርታችኋል? ለምን ቆያችሁ? ለምን ለቀቃችሁ? የድርጅቱን ስም ሳትጠቅሱ ኮመንት ላይ ጻፉልን። ይህን መረጃ ፋብሪካ ለምትሠራ እህት ወይም ወንድም ሼር አድርጉላቸው፤ በተለይ የኦቨርታይሙን ስሌትና የ6 ወሩን የይርጋ ጊዜ።